ሸኚ

አገሩን በካርታ ቀይ ቀለም ቀቡት፣
በሩቅ እንደፈሩት፣ በዓይናቸው ሳያዩት።
የመድን ሰውየው ፎርሙን መለሰልኝ፤
«ለዚህ መንገድ» አለ፣ «ዋጋ አልተመነልኝ።»
እህቴ በስልኩ፦ «ሰው ትኬቱን ቆርጦ
ሞቱን ይፈልጋል? ከአገር ሁሉ መርጦ!»

እኔም መርጬ ሄድኩ።

ታፍታን ድንበር ናት፤ አሸዋ የሞላው በር፣
ገንዘብ የሚመነዝር አንድ ሰው በወንበር፣
ከጀርባው የናፍጣ በርሜል ሲደረደር።
ፓስፖርቴን ያየው ልጅ «ቁጭ በል» አለኝ፣ ችኩሎ፤
«ብቻህን አይኬድም፣ ሸኚ ይመጣል» ብሎ፣
ገጹ ላይ ያረፈ ዝንብ በመዝገቡ ገድሎ።

መጣ። ጎህራም ይባላል።
ስልሳ ሊሞላው ይሆናል፤
ጢሙን በሂና አቅልሞ፣
ጠብመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ልጅ ተሸክሞ።
የአንድ ጫማው ማሰሪያ ሽቦ ነው።
ከሞት የሚጠብቀኝ፣ እንግዲህ፣ ይኸው።

መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣
ነፋሱ አሸዋውን አስፋልት ላይ እያዘለ።
ናፍጣ የጫኑ ሰማያዊ መኪኖች ሽው ሲሉ
ልጆች ከላያቸው ለጎህራም እጅ ያነሳሉ።
«ኮንትሮባንድ ነው» ይለኛል፣ ረጋ ብሎ፤
«ያኛውን የሚነዳው የእህቴ ልጅ ነው» ቀጥሎ።

በየኬላው ውረድ፣ በየኬላው ጻፍ፤
ስምና ያባት ስም፣ ከየት ወዴት ማለፍ።
በሰባተኛው ላይ ሰለቸኝ መሰለኝ፣
አባቴን ልጄ አድርጌ ጻፍኩት፤ ማን አረመኝ?

ከያክማች ወዲያ ሞተር ብስክሌት ታየ፤
ሁለት ሰው፤ ፊታቸው በጥምጥም የተለየ።
ጎህራም ጨርቁን ፈታ።
ልቤ ወረደና ጉልበቴ ላይ መታ።
ቀረቡ። በመሃላቸው የታቀፉት ነገር
ፍየል ነው፤ ቀንዱ ላይ ቀይ ክር ነበር።
ሠርግ ጠሩን። ጎህራም ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ
እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው መጠበቅ
ነበረብኝ።

ሻይ ቤት ቆምን። ልከፍል ስል እጄን ያዘኝ።
የሻዩን ስልባቦት በጣቱ አንስቶ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦
«ያንተስ አገር ሰላም ነው?»
«ሰላም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን ወዴት ነው?
አየኝ። ገባው መሰለኝ።
«ታዲያ እኔ ብመጣ» አለ፣ «ማነው የሚሸኘኝ?»

ከዳልባንዲን መግቢያ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አስረከበኝ።
ሸህዳድ የሚሉት ጎረምሳ እንደ ስኳር ኩንታል ፈረመብኝ።
«አንተስ?» አልኩት ጎህራምን።
«እኔማ ወደ ቤቴ» አለና ዞረ፣ አቧራ ለብሶ ጨርቁን፤
የመጣንባት መኪና ሌላ እንግዳ ይዛ ሄዳለች፣
የሱ ተራ አበቃ፣ መንገዷ ግን አላለቀች።
ከአስፋልቱ ዳር ቆመ፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሲያልፍ
እጁን ያነሳል፤ ያልፋሉ፤ ያወርደዋል፤ ያነሳል፤ ያልፋሉ።
እሱ ራሱ የነገረኝ ነው፣ ማታ ማታ
ባለፈው ወር ሁለት ባልደረቦቹ የቀሩባት ቦታ።

እኔን ካደረሰ እሱን ማን ያደርሰው?
ስሙን ከየት ወዴት ብሎ የጻፈ ሰው
የለም። በአስራ አንዱ መዝገብ የተጻፍኩት እኔ፤
በኋላ መስታወት ሳየው ነጥብ ሆነ፣ ጠፋ ከዓይኔ።

ኩዌታ ጫጫታ ናት፤ የፖም ጋሪ፣ ጡሩምባ፤
የሆቴሉ ጸሐፊ መዝገብ ገፋልኝ ስገባ።
አንድ አዲስ መደብ ነበረው፦ «ከማን ጋር መጡ?» የሚል፤
«ጎህራም» ብዬ ጻፍኩ፣ ብዕሩ ቢያንቀኝም፣ ቀለሙ ቢዘልል።
ጸሐፊው በጣቱ ቀጣዩን መደብ አሳየኝ፤
የአባት ስም።

ቀኑን ሙሉ አብረን ስንሄድ
አልጠየቅኩትም።